ሁለት ዲግሪ፣ አንዲት ሳጥን

የአንዲት አንባቢያችን ደብዳቤ ይኸውላችሁ፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው። የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የምክር አገልግሎት ውስጥ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ሰዎች ትዳራቸውን፣ ሐዘናቸውን፣ የልጆቻቸውን ነገር ይዘው ይመጣሉ። አሁን አሁን ግን የሚመጣው ነገር ከአቅሜ በላይ እየሆነብኝ ነው። አምና አንዲት እናት ‘መኖር አልፈልግም’ አለችኝ። ጸለይኩላት። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ዛሬ ደህና ናት፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልረሳሁትም።

መማር አለብኝ ብዬ ስፈልግ በሌላ ስቴት ያለ፣ ነገረ መለኮትንና ሥነ ልቦናን አንድ ላይ የሚያስተምር ትንሽ ትምህርት ቤት አገኘሁ። ድኅረ ምረቃ ብቻ ነው። ተማሪው በሙሉ ሦስት መቶ አይሞላም። ትምህርቱ በብዛት በኢንተርኔት ነው፤ በየሴሚስተሩ ለጥቂት ቀናት በአካል መሄድ አለ። ማመልከቻውን ስሞላ ‘የሚማሩት ዲግሪ’ የምትል ሳጥን አለች። ስነካት ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ እና ማስተርስ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ የሚሉ ምርጫዎች ይወጣሉ። እዚያ ስደርስ ላፕቶፑን እዘጋለሁ። ሦስት ጊዜ ዘግቻለሁ። ፓስተራችን ‘መለኮቱን ተማሪ’ ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‘ይሄን የሚያህል ትንሽ ትምህርት ቤት ነገ ቢዘጋስ?’ ይላል። የቱን ልምረጥ? — ሳጥኗ ላይ የቀረሁት»

እህቴ፣

ከዲግሪው በፊት ስለዚያ ሌሊት ላውራ። አሜሪካ ውስጥ መኖር ለጠላና በከባድ ጭንቀት ውስጥ ላለ ሰው የሚደወልበት 988 የሚባል የስልክ ቁጥር አለ። ከ2022 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ይሠራል፤ ቀንም ሌሊትም ሰው ያነሳል። የሚደውለው የተጨነቀው ሰው ብቻ አይደለም። አጠገቡ ያለውም፣ እንደ አንቺ ሌሊት ስልክ ይዞ የተቀመጠውም መደወል ይችላል። ዲግሪሽን እስክትይዢ ዓመታት ይሄዳሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን የሚቀጥለው ሳምንትም ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ፤ የአገልግሎት ጓደኞችሽም ይመዝግቡት።

አሁን ወደ ሳጥኗ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥያቄሽ «የቱን ዲግሪ?» ነው። በመላ ደብዳቤው ውስጥ ግን ከተመረቅሽ በኋላ ሰኞ ጠዋት የት እንደምትገቢ አልነገርሽኝም። የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ነው? በር ዘግተሽ ከአንድ ባልና ሚስት ጋር ነው? ወይስ ምስባክ ላይ? ሦስቱም «ሰውን መርዳት» ይባላሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያስተምሩ፣ ከውጭ ሲታዩ የትኛውም ዲግሪ የትም የሚያደርስ ይመስላል። አያደርስም።

ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ፣ ተማሪዎቹ በአጭሩ «ኤምዲቭ» የሚሉት፣ የአገልጋይ ዲግሪ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ስብከት፣ እረኝነት፣ በአንዳንዱ ቤት ግሪክና ዕብራይስጥ አለበት። የአሜሪካና የካናዳ ሴሚናሪዎችን የሚመዝነው የቲዎሎጂ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ቢያንስ 72 ክሬዲት ይጠይቅበታል፤ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ጥልቅ ትምህርት ነው፤ ፓስተርሽ የመከሩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ኤምዲቭ ይዘሽ ቴራፒስት ልትባዪ አትችዪም። የሥነ ልቦና ኮርስ አብረሽ ወስደሽ ቢሆንም እንኳ አትባዪም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። የካሊፎርኒያ ሕግ ቄስ ወይም ፓስተር የአገልግሎቱ አካል አድርጎ ምክር ቢሰጥ የሙያ ፈቃድ አይጠይቀውም። እና ብዙ ሰው «ታዲያ ፈቃዱ ለምን?» ይላል። ያ ነፃነት የሚሠራው በአገልግሎት ውስጥ ነው። ቢሮ ከፍተሽ፣ ቴራፒስት ብለሽ በርሽ ላይ ለጥፈሽ፣ ኢንሹራንስ ልታስከፍዪ ስትይ ሌላ ነገር ይሆናል። በነገራችን ላይ «ሳይኮሎጂስት» የሚለው ስም ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው፤ ዶክትሬት ይጠይቃል። በእኛ ዘንድ ሁለት ሴሚናር የተካፈለ ሁሉ ሳይኮሎጂስት ይባላል እንጂ።

ማስተርስ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ግን፣ በትክክል ከተሠራ፣ ለፈቃድ ያበቃል። «በትክክል ከተሠራ» የምትለዋን አስምሪባት። የትምህርት ቤቱ እውቅና አንድ ነገር ነው፤ የፕሮግራሙ ለፈቃድ መብቃት ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ሙሉ እውቅና ኖሮት ካውንስሊንጉ ለአንቺ ስቴት ላይበቃ ይችላል። ፈቃድ የሚሰጠው ስቴት ነው። ትምህርት ቤቱ ያለበት ስቴት የተቀበለውን ካሊፎርኒያ እንዳለ ልትቀበል አትገደድም።

ካሊፎርኒያ ለፕሮፌሽናል ካውንስለር ፈቃድ የ60 ሴሚስተር ክሬዲት ማስተርስ ትጠይቃለች። በትምህርት ላይ እያለሽም በሱፐርቫይዘር ሥር 280 ሰዓት ከሰው ጋር ፊት ለፊት መሥራት አለብሽ። የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝን «ካክሬፕ» የሚባል አካል አለ። እሱ ፕራክቲከም በሚባለው የመጀመሪያ የተግባር ልምምድ 100 ሰዓት፣ ኢንተርንሺፕ በሚባለው ቀጣይ ልምምድ 600 ሰዓት ያዛል። ከመጀመሪያው 40ው፣ ከሁለተኛው 240ው በቀጥታ ከተገልጋይ ጋር የሚውል ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ነሽና ደምሪው። 280 ይመጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የካክሬፕ ከሆነ በዚህ በኩል እፎይ ትያለሽ። ካልሆነ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ፕሮግራሞች የሉበትም። ግን ያኔ ሰዓቱንም ኮርሱንም አንድ በአንድ ማመሳከር የአንቺ ሥራ ይሆናል።

ስትመረቂም አላለቀም። በካሊፎርኒያ ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ተመዝግበሽ፣ በሱፐርቫይዘር ሥር 3,000 ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ ከሁለት ዓመት ባነሰ አይጠናቀቅም። በዚያ ላይ የካሊፎርኒያ ሕግና ሥነ ምግባር ፈተና አለ፤ የክሊኒክ ፈተናም አለ። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም። ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ እንዳይሆንብሽ ነው።

ይህን ተረት ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። እኔም ከዓመታት በፊት «ሰርተፊኬት በምክር አገልግሎት» የሚል ስልጠና ወስጃለሁ። ስሙን አልጠራም። ሦስት ወር ተማርኩ፤ ወረቀቱን በፍሬም አድርጌ ሰቀልኩት። አንድ ቀን ለሥራ ይዤው ስሄድ ሴትየዋ ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየችው። ጀርባው ላይ ምንም አልነበረም። «ማነው ያጸደቀው?» አለችኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥያቄው ራሴ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር። በአንዳንድ የአሜሪካ ስቴቶች የሃይማኖት ትምህርት ቤት እውቅና ሳይኖረው ዲግሪ እንዲሰጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ሕጋዊ ነው፤ ወረቀቱ ግን ለፈቃድ አያበቃሽም። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። የትምህርት ቤቱን ስም ጽፈሽ መፈለግ ሁለት ደቂቃ ነው።

የሆስፒታል አልጋ አጠገብ የሚል ሐሳብ ካለሽ ግን ጨዋታው ይገለበጣል። ቻፕሊን፣ ማለትም የሆስፒታል መንፈሳዊ አገልጋይ፣ ለመሆን ኤምዲቩ ይሻላል። ከሱ ጋር የክሊኒክ እረኝነት ስልጠና የሚባል አለ። አንዱ ዩኒት 400 ሰዓት ነው፤ የቻፕሊኖችን የቦርድ ሰርተፊኬት ለማግኘት አራት ዩኒት ይፈለጋል። ታሪኩን እወደዋለሁ። አንቶን ቦይሰን የሚባል አገልጋይ ራሱ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ነበር። በ1925 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር በሚገኝ የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ሰብስቦ ማሠልጠን ጀመረ። ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ብቻ እንዲማሩ አልፈለገም፤ ሕመምተኛው ራሱ መነበብ ያለበት ሕያው ሰነድ ነው ይል ነበር። ዛሬ ነገረ መለኮትና ሥነ ልቦና አንድ ሕንፃ ውስጥ መገኘታቸው ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ቢመስለውም፣ ጉዳዩ መቶ ዓመት አልፎታል። ፓሳዲና ያለው ፉለር ሴሚናሪም የሥነ ልቦና ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1965 ነው። አንቺ ካለሽበት ስቴት ነው፤ እግረ መንገድሽን ብታዪው አይከፋም።

ወደ ትንሽነቱ ልምጣ፤ የባለቤትሽ ስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ትንሽ ትምህርት ቤት የሚኖረው በአብዛኛው ተማሪ በሚከፍለው ነው። ሃያ ተማሪ ሲጎድል ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አያስታውለውም፤ እዚህ ግን አንድ ሁለት መምህር ሊያስቀንስ ይችላል። ዕድሜም ዋስትና አይደለም። ከ1807 ጀምሮ የነበረው አንዶቨር ኒውተን ሴሚናሪ እንኳ በ2017 ግቢውን ትቶ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተጠቃሏል።

ስለዚህ ስትጠይቂ «ስንት ተማሪ አላችሁ?» ብለሽ አትለፊ። ያለፉትን አምስት ዓመታት ቁጥር ጠይቂ፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ለየብቻ። በራስ ቆጠራና በሙሉ ጊዜ ስሌት መካከል ያለውንም ልዩነት እይ። በግማሽ ጊዜ የሚማሩ ሁለት ሰዎች በራስ ሲቆጠሩ ሁለት ናቸው፤ በሙሉ ጊዜ ስሌት አንድ ብቻ። ሦስት መቶ ያለሽ ትምህርት ቤት በሌላው አቆጣጠር ሁለት መቶም ላይሞላ ይችላል። የቲዎሎጂ ትምህርት ቤቶች ማኅበር የአባላቱን የምዝገባ ቁጥር በየዓመቱ ያወጣል፤ ካክሬፕ ደግሞ ፕሮግራሞች ስንት እንዳስመረቁ፣ ከጀመሩት ስንቱ እንደጨረሱና ፈተናውን ስንቱ እንዳለፉ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ከምዝገባው ይልቅ እኔ የማየው የጨራሹን ቁጥር ነው። ሰው በብዛት ገብቶ ጥቂት የሚወጣበት ቤት የሆነ ችግር አለበት። ቁጥሩን ስትጠይቂያቸው ቅር ካላቸው ደግሞ፣ ያም ራሱ መልስ ነው።

ከዘጉስ? እውቅና ሰጪዎቹ ተማሪው ሌላ ቦታ የሚጨርስበትን ዕቅድ እንዲያቀርቡ ይጠይቃሉ። ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ አትቀሪም። ግን በካውንስሊንግ ዝውውር አድካሚ ነው፤ የተማርሽው ኮርስ ሳይቆጠር ይቀራል፣ ሰዓት ይባክናል።

ትንሽነቱ የሚሰጠውንም ልንገርሽ፤ ባለቤትሽ ይህን አላሰበውም። ለካውንስሊንግ ተማሪ ትንሽ ክፍል ማለት መደበቂያ የሌለው ክፍል ማለት ነው። ስድስት ሰባት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። አንዷ ተገልጋይ፣ አንቺ አማካሪ ሆናችሁ የተቀረጻችሁት ቪዲዮ ይከፈታል። ሴትየዋ ስለ እናቷ ሞት ጀምራ ዝም ትላለች። አንቺ ቶሎ ብለሽ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ትያለሽ። ሱፐርቫይዘሯ ቪዲዮውን ታቆመዋለች። «እዚህ ጋ ምን ሰማሽ?» ትልሻለች። «ዝም ስትል ጨነቀኝ» ትያለሽ። «የጨነቀው ማንን ነው?» ትልሻለች። ክፍሉ በሙሉ ያይሻል። ስምንት ዓመት ሙሉ ጥሩ የመሰለሽ ነገር አራት ሰከንድ ውስጥ ይታያል። ይህ ትንሽ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ የሚሆን ነገር ነው። ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚመጡ ተማሪዎች በዚህ በኩል ይበልጥ ይቸገራሉ ብዬ አምናለሁ። መናገር ለምደናል። ጥቅስ ከአፋችን አይጠፋም። እዚያ ግን ለጥቂት ጊዜ አፍሽን ያዘጉሻል። የተናደዱም አሉ፤ ጥለው የወጡም አሉ። አንቺ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ይዘሽ የተቀመጥሽ ሰው ስለሆንሽ የምትችዪው ይመስለኛል።

ደግሞ ሌላም አለ፤ ማስታወቂያቸው ላይ የማይጻፍ። የሚከብደው ክፍሉ አይደለም፤ ኢንተርንሺፑ ነው። 600 ሰዓት ለ30 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ብዙ ቦታ አይከፍልም። ብዙ ክሊኒክ የሚፈልግሽ በቀን ነው፤ አንቺም በቀን ሥራ አለሽ። ትምህርት ቤቱ በሌላ ስቴት ስለሆነ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚያውቃቸው ክሊኒኮች ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ። እና «ቦታውን የምታገኙልኝ እናንተ ናችሁ ወይስ ራሴ ነኝ የምፈልገው?» ብለሽ አሁኑኑ ጠይቂ። በሦስተኛው ዓመት ስትጠይቂ ዘግይቷል። ከባለቤትሽ ጋርም የምትቀመጡበት ወሬ ይኸኛው ነው። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋስ ከማለት ይልቅ፣ ያንን ዓመት ከደሞዝሽ ግማሹ ቢቀር ቤቱ እንዴት ይቆማል ብላችሁ ቁጭ በሉ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ። በ2025 የወጣ ሕግ የድኅረ ምረቃ ብድርን ለውጦታል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሆነ ሰው ግራድ ፕላስ የሚባለውን ብድር አያገኝም። ተራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከፌዴራል የሚበደረው በዓመት እስከ 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 100,000 ነው። «ፕሮፌሽናል» ተብለው ለተመደቡት ደግሞ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000። የሚገርመው ኤምዲቭ ፕሮፌሽናል በሚባሉት ውስጥ ተዘርዝሯል፤ የካውንስሊንግ ማስተርስ ግን የለም። ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ኤምዲቩን ልያዝ» ሊል ይችላል። እባክሽ እንዳትዪ። ብዙ ያበደሩሽ ብዙ ስለምታገኚበት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ደሞዝ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። የክሬዲቱን ዋጋ በክሬዲቱ ብዛት አባዢ፤ በአካል የምትሄጂበትን የአውሮፕላንና የማደሪያ ወጪ ጨምሪ። ከዚያ ስኮላርሺፕ ጠይቂ። ትንሽ ትምህርት ቤቶች በዚህ በኩል ጆሮ አላቸው።

የእኔን ሐሳብ ትፈልጊ እንደሆነ፣ ካውንስሊንጉ ነው። ምክንያቱም በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ መስበክ እፈልጋለሁ አላልሽም። የጻፍሽው ሁሉ አጠገብሽ ስለተቀመጠ አንድ ሰው ነው። ለፓስተራችሁ ምክራቸውን አልናቅሁም በዪያቸው፤ በእንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የካውንስሊንግ ተማሪም ነገረ መለኮት ይማራል፤ ትምህርት ቤቱን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው። ሁለቱንም አጣምሮ መያዝም በአንዳንዱ ቤት ይቻላል፤ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። ሁለት ልጅና የሙሉ ቀን ሥራ ላላት ሴት እኔ አልመክርም።

አሁንም እጅሽ ካመነታ ሌላ መግቢያ አለ። ብዙዎቹ ዲግሪ ሳትይዢ አንድ ኮርስ ብቻ እንድትወስጂ ይፈቅዳሉ። ለመመዝገብ ቀላል ነው፤ በኋላ ዲግሪ ውስጥ ስትገቢ ክሬዲቱን የሚቆጥሩልሽም አሉ። አንድ ሴሚስተር ብቻ ሞክሪው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስንት ሌሊት ማንበብ እንደምትችዪ ያኔ ታውቂያለሽ።

ላፕቶፑን ለአራተኛ ጊዜ ስትከፍቺ ግን ማመልከቻውን አትክፈቺ። ኢሜይል ክፈቺና ለመግቢያ ቢሮው ይህን ጻፊ፦

«የምማረው ካሊፎርኒያ ሆኜ ነው። የካውንስሊንግ ማስተርሳችሁ የካሊፎርኒያን የፈቃድ ትምህርት መስፈርት ያሟላል? የትኛውን ፈቃድ? ባለፉት አምስት ዓመታት ካሊፎርኒያ ውስጥ ፈቃድ ያገኘ ተመራቂ አላችሁ? ላናግረው እችላለሁ? የኢንተርንሺፕ ቦታ የሚያገኘው ማነው?»

ወደ እንግሊዝኛ መልሰሽ ላኪው፤ መልሱንም በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ስልክ ደውለው «አታስቢ፣ ያሟላል» ቢሉሽ አመስግነሽ «በኢሜይል ላኩልኝ» በዪ። የፌዴራል የትምህርት ብድር የሚያስተናግዱ ከሆነ ፕሮግራማቸው ተማሪው ለሚኖርበት ስቴት ፈቃድ መብቃቱን የማጣራትና የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ውለታ እየጠየቅሽ አይደለም። የካሊፎርኒያው ፈቃድ ሰጪ ቦርድም መስፈርቱን በድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ እይ፤ ሒሳብ እንደምታመሳክሪው።

መልሳቸው ሲደርስሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን። ሳጥኗ እስከዚያ ባዶዋን ትቆይ።